ሰባተኛው ደረጃ

አምስት የድሮ ጌሞች ባንድ ዲስክ ታጭቀው፣
አቧራቸው ተራግፎ፣ ጠርዛቸው ተስሎ፣ እንደ አዲስ ደምቀው
መጡልኝ ትናንት። «እስቲ ፍረድ» ተባልኩ።
ሽምብጥ ካለች ክፍሌ፣ መስኮቴን ከፍቼ፣
የሐይቁን ንፋስ ወደ ውስጥ ጠርቼ፣
ጆይስቲኩን ይዤ ለፍርድ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ዓይን ይማርካል።
አራት ነጥብ ብቻ የነበረው ወፍ ዛሬ ላባ አብቅሏል፤
ደመናው ጥላውን ከኮረብታው ጥሏል፤
ፏፏቴው ይወርዳል፣ እንደ ጢስ ዓባይ ግን ክረምትና በጋ አያውቅም፣
ተርባይን መጥቶ ውሃውን አይወስድበትም።
ዜማውም፣ ያ ድሮ እንደ ትንኝ ይጮህ የነበረ፣
ባርባ ቫዮሊን ታጅቦ ከበረ።

ግን ሲዘል ይዘገያል። ጣቴ ካዘዘው ወዲያ
እንደ ቢሮ ሠራተኛ ያስባል መጀመሪያ።
ለሌላ ሰው ምንም ነው። እኔ ግን የተማርኩት፣
ጣቴንም ልቤንም እኩል ያሰለጠንኩት
አንሙት ቤት ነው፤ ድባንቄ፣ ከመኪና እጥበቱ ጀርባ፣
በቆርቆሮው በር በኖራ፦ «ያለ ሳንቲም አትግባ»።
ሃምሳ ሳንቲም ላንድ ነፍስ፤ በብር ግን ሦስት ነፍስ፤
ከሞትክ ተራው የሌላ ነው፣ እንባህን ይዘህ ወደ ኋላ መመለስ።
መውደቅ ዋጋ ነበረው፣ በሳንቲም የተቆረጠ፤
ለዚህ ነው ሁሉም ሳይዘል አስቀድሞ ማረፊያ የመረጠ።

አዲሱ ቁልፍ አለው። ስትወድቅ ትጫነዋለህ፣
ጊዜ እንደ ክር ይጠቀለላል፣ ገደሉ ይተፋሃል፣ ካፋፉ ትቆማለህ።
ደግ ቁልፍ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ተጠቀምኩበት፤
አሥራ ሰባቱንም ጊዜ አንድ ኩራት የለ፣ አንድ ቁጭት።

ካምስቱ አንዱ እሱ ነው፣ ባለጃንጥላው ልጅ።
ስሙን ማን አንብቦ! እኛው ሰየምነው እንጅ።
ገደል ሲመጣበት ጃንጥላ ይዘረጋል፣
ከደሴት ደሴት እንደ ጥጥ ይነጉዳል።
ማንም አልነበረም እንደ እንድሪስ የሚያንሳፍፈው፤
አባቱ ታንኳ ሠሪ፣ እሱን ደንገል ማጨድ እጁን ያሻከረው።
«ልጁን አትየው» ይለኝ ነበር፣ «ልጁ የትም አይሄድም፤
የሚያርፍበትን እይ። እግሩን ያየ ቀዛፊ ማዶ አይደርስም።»

ሰባተኛው ደረጃ፣ ከረዥሙ ድልድይ መጨረሻ፣
ካሴቱ ይደርቃል። ልጁ ባየር ላይ ቀጥ፣ የለው መድረሻ።
አንሙት ይነቅለዋል፤ እፍ፣ እፍ፣ እንደ ትኩስ ሽሮ፤
በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣ ሰክቶ፣ ከሀ ጀምሮ፤
ያው ነው።
«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ስንል ሁሉም የየራሱን አወራ፤
አንዱ ባለሦስት ራስ ጭራቅ፣ አንዱ የወርቅ ተራራ።
እንድሪስ ብቻ «ውሃ ነው» አለ፤ «ከድልድይ ወዲያ ምን ሊኖር?»
ሳቅንበት። እሱ ግን አልሳቀም ነበር።

ትናንት ማታ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ድልድዩን አለፍኩት።
አልደረቀም። ጃንጥላዬን ዘረጋሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩት፣
ስምንተኛው ተከፈተ።
ውሃ።
ዳር የሌለው፣ ጠፍጣፋ፣ ዝም ያለ ውሃ፤
ላዩ ላይ ቅጠሎች፣ እምቦጭ የመሰሉ፣
ረግጠህ ካልሮጥክ ከእግርህ ሥር የሚከዱ፣ የሚጎድሉ።
ዜማም የለው። ወይ ጠፍቶ ነው፣ ወይ ድሮም አልነበረ፤
ከመስኮቴ ማዶ ደንገሉ ብቻ ተንሿሾ ዘመረ።

ስለዚህ ፍርዴ፦ ለቀለሙ ዘጠኝ፤ ለዝላዩ አምስት፣ እሱም በጭንቅ፤
ለጠቅላላው ከአሥር ሰባት።
ለምን ሰባት እንደሆነ ድባንቄ ያላደገ ባይጠይቅ።
ሠሪዎቹ የማያውቁት አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፦
ያቺን መድረቅ ጠግነዋታል። አሥራ አራት ልጅ ባንድ አፍ ትንፋሹን የያዘባትን፣
ልጁ ባየር ላይ ሳይወድቅም ሳያርፍም የቆየባትን፣
ከዲስኩ ብፈልግ አጣኋት።

ጧት ደወልኩለት። የዘጌ ጀልባ ነው ዛሬ የሚነዳ፤
ሞተሩ በስልኩ ይንጫጫል፣ ጭኗል ጌሾና እንግዳ።
«እንድሪስ፣ ስምንተኛውን አየሁት።»
«የቱን ስምንተኛ?»
«የጃንጥላውን።»
ዝም አለ። ሞተሩ ብቻ።
«ውሃ ነው አይደል?»
«ውሃ ነው።»
«ቅጠሉስ ይሸከማል?»
«አይሸከምም።»
«እንግዲያ አትቁምበት» አለና ሳቀ፤ ደግሞ፣
«ቆይ፣ ዳር ደርሻለሁ፤ ማረፊያዬን ልይ።»