ግራ የገባው ሒሳብ

ጠባሴ፣ ኅዳር ወር፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣
ውርጩ መስኮቴ ላይ ጥርሱን ሲስልበት፣
መብራት ከሄደ ቆየ፤ በሻማ ነው ሥራዬ፣
በሹራብ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ በርኖስ፤ ሽንኩርት ሆኗል ገላዬ።
ወረቀቱ ላይ ግን የምቀምረው ሙቀት
ፀሐይን «በረደኝ» ያሰኛል፤ የፍጥረት ማለዳ እሳት።

ሕጉ ቀላል ነበር፦ ቅንጣት እየሾረ
ወደ ቀኝ ከዞረ፣ ወደ ግራ ከዞረ፣
በየመዝገቡ ይስፈር፤ የቀኝ በቀኝ፣ የግራ በግራ፣
አንዱ ለአንዱ ሳያበድር፣ አንዱ አንዱን ሳይጠራ።

ይህ ኳንተም ሳይመጣ ነው፤
በሦስት ማዕዘን ጎጆውን ሳይቀልስበት።
አሁን ማግኔቱን ከኤሌክትሪኩ ጎን ባሰልፍ፣
ግራው አንድ በአንድ ይሰምጣል፣ ወለል ወደሌለው ባሕር፤
ቀኙ ከዚያው ጥልቅ ብቅ ይላል፣ ደረቅ፣ እንዳልነበረበት።
ድምሩ አልጎደለም። መዝገቡ ግን አልታረቀም።
መስኩን ብገለብጠው ቀኙ ሰመጠ፣ ግራው ገባ፤
እንዳገሬ ሰው አባባል፣ በቁሙ ግራ ገባኝ።

ሙቀት ይፈታው ይሆን? በእሳት የማይለዝብ የለም፣
ቅቤም፣ ብረትም፣ አንዳንዴም ቂም።
ጊዜን እንደ መቀነት ጠቀለልኩት፣ ጫፍ ለጫፍ ገጠምኩት፤
(ሙቀት ሲያይል ያጥራል፣ ሲበርድ ይረዝማል፤
የጠባሴን ሌሊት እዚህ ላይ ተረዳሁት።)
ዐሥራ ሁለት ገጽ ሄድኩ። ሙቀቱ በአንድ በር ገብቶ፣
እርስ በርሱ ተጣፍቶ፣ በሌላው በር ወጣ።
የተዛባው እንደተዛባ ቀረ። ያቺው ቁጥር፣ ያቺው ክፍልፋይ።
ስህተቴን ፈለግሁ፣ የመደመር፣ የመቀነስ፣
የተረሳች ምልክት እንደሆነች፤
ዶሮ ጮኸ።

ማለዳ ይመኙሻል መጣች፣ የመሐል ሜዳዋ ተማሪዬ፣
ጫማዋ ላይ አመዳይ፣ ደብተሯ በፌስታል።
ገጾቹን ገለጠች፣ ዝም አለች፣
ከበርኖሴ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘች
(ተቆጣሁ፤ አልሰማችኝም)
ሁለቱን ጫፍ እንደያዘች የፈላ ሻይዬ ውስጥ ነከረችው።
«ይዩ፤ ሞቀ፣ ራሰ፣ አበጠ።
በቀኝ የከረረ ነው፤ አሁንም በቀኝ ነው።
አባቴ ሱፉን በፍል ውኃ ሲረግጠው ያድራል፤
ይጠባል፣ ይወፍራል፣ መልኩ ሁሉ ይለወጣል፤
በግራ የተፈተለው ግን ቀኝ ሆኖለት አያውቅም።
ክረት የሚቆጠር ነው መምህር፤ የሚሞቀው ሱፉ ነው።»

ሻዬ በግ በግ ሸተተ። ጠጣሁት።

ክሩ ዛሬም ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጋድሟል፣
ደርቆ፣ እንደከረረ።
በርኖሴ ግን ከጠርዙ ተተርትሯል፤
በረሳን ተሻግሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር
በግራ በኩል ይገባኛል።