መስኮት ቁጥር ሦስት

ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከቆርቆሮው በታች፣
የአባቴ ጠረጴዛ አንድ እግሯ አጭር ነበረች።
ይመር ወልዴ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፤
ከሰው እሮሮ ላይ እንባውን አራጋፊ።
«ጉዳዩ» ይላል ከላይ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ስም፤
«እንባ ራስጌ የለውም፣ መስኮቱ አያነበውም፤
ራስጌ የሌለው ነገር ግርጌውን ማን ያየዋል?»
እያለ፣ የካርቦኑን ወረቀት በክርኑ ይጫነዋል።

ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ሃያ ሁለት ዓመት አልገባም።
የመዝገብ ቤቱን ወለል ቀለሙን እንኳ አያውቅም።
መዳፍ የምታህል ክፍተት አለች ከፍርግርጉ ሥር፤
ወረቀት ይግባባት እንጂ ሰው ሊገባባት አይሞክር።
ከወዲያ አቶ ሽፋው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
የመጣውን ቃል በቃል ከራሳቸው መዝገብ ገልብጠው፣
ዋናውን ይመልሱታል።
«በሰው ወረቀት አልሠራም፤ የማምነው የገለበጥኩትን፤
እጅህ ላይ የቀረውን ቃል ዘወር ስል ብትለውጠውስ፣ ምን ይዤ ልመን?»

ያኔ ስስቅባቸው ነበር።

አሁን እኔ ሐረጎን ቁልቁል ዞሬ ወርጄ፣
ኮምቦልቻ፣ ፈትል ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ ለምጄ፣
እዚያው መስኮት ፊት ቆሜአለሁ፤ መስኮቱ ግን አይታይም፤
ከቁጥር ነው የተሠራው፣ ጭጋግም አይሸፍነውም።
በአንድ ወገን የኔ ፕሮግራም፣ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ፤
በወዲያኛው ከርነሉ፣ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ተሸክሞ።
ክር በተበጠሰ ቁጥር እንዝርቱ ለሱ ይናገራል፤
እሱ ራስጌ አበጅቶ፣ ተራ ሰጥቶ፣ ቋቴ ውስጥ ያኖራል።
እቀዳለሁ፣ እቆጥራለሁ። ከሌለ ፕሮግራሜ ያሸልባል፤
ተጠርቶ እስኪነቃ ድረስ ከሰው ሂሳብ ይወጣል።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መብራት እልም ብሎ መጣ፤
የአንድ ረድፍ ክር ባንድ ትንፋሽ ከእንዝርቱ ወጣ።
«አርባ» አለ የኔ ሰሌዳ።
ሙሂዬ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ «ስልሳ አንድ» አለኝ፣ እንደ ዕዳ።
ሃያ አንዱ የት ሄደ?
ከርነሉን ረገምሁት፤ ኮዱን እስኪደክመኝ በረበርሁት።
አልዋሸም። ቋቴ ጢም ብሎ ዱቄቱ ሲፈስ ከወፍጮው፣
አንዴ ብቻ ነግሮኝ ነበር፦ «ሞልቷል፤ የቀረ አለ፣ እወቀው።»
እኔ ነኝ ያችን አንድ ቃል እንደ ትንኝ ድምፅ ቆጥሬ፣
«ችላ በል» ብዬ የጻፍሁ፣ አምና፣ ለመሄድ ተቻኩዬ፣ አሳጥሬ።

ጦይባ እብሬ ትዝ አለችኝ።
ከኩታበር፣ ሰባት ዓመት፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ትመጣለች፤
«መልስ ወጣ ወይ?» ትላለች።
«ዛሬ አልወጣም» ይሏታል። እውነት ነው፤ ዛሬ አልወጣም።
ኋላ አባቴ ቢያጣራ፣ ወጥቶ ኖሯል በሁለተኛው ዓመት፤
ጭጋጉ ጦሳን በዋጠበት፣ ሰኞ ገበያ በሞላበት ዕለት፣
አቶ ሽፋው አንዴ ጠርተዋል። ማን ይስማ በዚያ ጩኸት?
ወረቀቷም «ያልቀረቡ» ከሚለው ክምር ሥር ተኛች፤
አምስት ዓመት፣ ከመስኮቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሰነበተች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ፣ ሰው በበዛ ቀን ይነሣና፣
ከቀዳዳዋ ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ፣ ደህና?
የወጣ አለ ወይ አልልም፣ አቶ ሽፋው፤
ተጠርቶ ያልሰማ ማነው?»

ይኸንኑ ነው የጻፍሁት፣ ሊነጋ ሲል፣ አራት መስመር፦
«ሞልቷል» ከተባልህ፣ የያዝኸውን ተው፤ ከሥሩ ጠይቅ፣ እንደገና ቁጠር።
ስልሳ አንድ አለ ሰሌዳው።
ሙሂዬ ምንም አላለም። ጣቱን በምራቁ አርሶ
ክሩን ሊቀጥል ሄደ።

ጠረጴዛዋ ዛሬ እኔ ቤት ናት። ከአጭር እግሯ ሥር
አራት ጊዜ የታጠፈ የካርቦን ግልባጭ አለ፣
ሰማያዊ፣ የማን እንደሆነ እንጃ።
እስካሁን አልዘረጋሁትም።