አጋፋሪና እልፍኝ አስከልካይ

ዊኒፔግ፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤
አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ገና ድፍን ሌሊት፤
ወላጅ ሁሉ በየአልጋው ስልኩን ከትራስ ሥር አውጥቶ
አንድ ነገር ይጠይቃል፣ ዐይኑን በግማሽ ከፍቶ፦
"ዛሬ የተማሪ አውቶቡስ አለ ወይስ ቀረ?"
አርባ ሺህ ጣት በአንድ ደቂቃ። ሰርቨራችን ተሰበረ።

ስብሰባ ተጠራ። ግሌንዳ ብርቱካን እየላጠች
"ማርሴል ሎድ ባላንሰር ይላል፤ አንቺስ?" ብላ ጠየቀች።
"ሦስት ሰርቨር እንጨምር፤ ከፊት አከፋፋይ ይሰየም፤
አንዱ ቢታመም ሁለቱ አሉ፣ ሥራው ለአፍታ እንዳይቆም።"
ሃምሳ ሎሚ የሚባለውን ሰምቶ አያውቅም ማርሴል፤
ያንኑ ግን በፈረንሳይኛ ቅላጼው፣ በሰንጠረዥ ይነግረናል።

እኔ የታየኝ አዳራሽ ነው፤ የጥንቱ የጌቶች ግብር፤
በር ላይ ያ አጋፋሪ ዘንጉን ይዞ ሲያማትር፦
"አንተ ወደዚያ ገበታ፣ አንቺ ወደዚህ እለፊ፤
እዚያ ማዶ ቦታ አለ፤ ጥጉን ይዘሽ ተደገፊ።"
አይቆርስ፣ አይቀምስ፤ ሥራው መቁጠር፣ ማሰማራት፣
የማን ገበታ እንደ ጎደለ፣ የማን እንደ ሞላ ማጥናት።
አንዳንዴም ዞር ብሎ "አለህ?" ይላል አሳላፊውን፤
መልስ ካጣ አይልክበትም ቀጣዩን እንግዳውን።

ሌላው ግን ከእልፍኙ ደጅ፣ ከመጋረጃው ይቆማል፤
ጌታውን ያየ የለም፤ እሱን ሁሉ ያውቀዋል።
ማኅተም ይመረምራል፣ ነገረኛውን ይመልሳል፤
ቃል ተቀብሎ ይገባል፣ መልስ ይዞ ይወጣል።
ሲሻው ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ አይገባም፤ ያስታውሳል።
"ጌታው ምን አሉ?" ሲሉት "ይህን ብለዋል" ይላል፤
እሳቸው እንቅልፋቸውን ተኝተው፣ አገር ተዳኝቶ ያድራል።

"ግሌንዳ" አልኩ፣ "የመስከረም ምዝገባ ቢሆን፣ እውነቱ ከማርሴል ጋር ነው፤
ያኔ እያንዳንዱ ወላጅ የሚጠይቀው የየራሱን ነው፤
የልጁን ክትባት፣ አዲሱን አድራሻ፣ ኦቾሎኒ የማይስማማውን።
በበረዶ ቀን ግን ጥያቄው አንድ፣ መልሱም አንድ ቃል፤
አለ፣ ወይም የለም። ለዚህ ሦስት ጌታ ምን ያደርጋል?
ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ የሚያስታውስ በረኛ ይበቃል።"

ማርሴል ሳቀ። "አንዱ ፕሮግራም እኮ ሁለቱንም ይሠራል።"
እውነቱን ነው። ሁለት ሹመት ደርቦ የያዘ ሰው መች ታጥቷል?

መጋቢት ላይ ውሽንፍር መጣ።
አርባ ሺው ጠየቀ፤ ሰርቨሩ ግን እንቅልፉን ተኛ፤
ሁሉን ከደጅ ሸኘልኝ ያ የማይረሳ በረኛ።
ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሻይ ቀዳሁ፤ ግራፉ ለጥ ያለ ሜዳ።
አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልክ ጮኸ። የማላውቃት እንግዳ።
"ኦክሳና ነኝ፣ ከትራንስኮና" አለች፤ ድምጿ የቀዘቀዘ፤
"ገጻችሁ 'አለ' ይላል፤ የታራስ እጅ ግን ፌርማታው ላይ ደነዘዘ።
ሁለተኛ ክፍል ነው።"

አውቶቡሱ የተሰረዘው ለአንድ ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ነበር፤
በረኛዬ የአሥራ ሁለት ተኩሉን ቃል ይዞ ያንኑ ይደግም ነበር።
ጌታው ሐሳብ ቀይረዋል፤ እሱ ተመልሶ አልጠየቀም፤
"ሥልሳ ደቂቃ አስታውስ" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልዋሸም።

ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ሥልሳ ደቂቃውን ሰርዤ
ሠላሳ ሰከንድ ጻፍኩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ።
"ይግባ" አልኳት፤ "አሁኑኑ ይግባ።"
በር ሲከፈት ሰማሁ። ቦት ጫማ በረዶውን ሲያራግፍ።
ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ማታ ግሌንዳ ቅጽ ላከች። "የተቋረጠው አገልግሎት?" ይላል።
ምንም አልተቋረጠም። ሁሉም በቅጽበት መልስ አግኝቷል።
ይህንኑ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት፤
ባዶውን ቦታ "ታራስ፣ ሁለተኛ ክፍል" ብዬ ሞላሁት።