አንገትጌ ማንበብ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ሥር፣
ግድግዳው የሚያልበው አንድ ላውንደሪ ነበር፤
እኔ ሃያ ሁለት፣ እሷ አምሳ ስምንት፣
እኔ ከኮምፒውተር፣ እሷ ከካውያ ፊት።

እትዬ ጦይባ ነው የሚላት ሁሉም ሰው፤
የከሚሴ ልጅ ናት፣ ጠረኗ ሳሙና ነው።
ሦስት ሙዲር ሸኝታ፣ ሁለት ማሽን ቀብራ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከእንፋሎት ጋር ኖራ፣
አሁንም ስትተኩስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
ለጨርቁ ምን ነግራው እንዲህ ይታዘዛል?

የገባሁ ሰሞን ግን ሆድና ጀርባ ነበርን፤
«ስልክሽ ይስመጥ!» ትላለች፣ ሳፈጥ ባየች ቁጥር ስልኬን።
እኔም በሆዴ፦ «ባርኮድ ለእሷ'ኮ የጉንዳን ሰልፍ»
እያልኩ እስቃለሁ፣ ስክሪኔን ስጠርግ፣ ስጽፍ።

ማሽኑ ሲሽከረከር ጆሮዋን አስጠግታ
«ሆዱን አሞታል» ስትል፣ እኔ በዝምታ
ስክሪኑን አያለሁ፤ «ደህና ነው» ይለኛል፤
ማታውን ቀበቶው ተበጥሶ ያድራል።

የኢድ ዋዜማ ነው። ሁለት መቶ አርባ ልብስ
ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ሊነጋ ነው፣ ሊለበስ።
ያኔ ነው ኮምፒውተሩ ሰማያዊ የሆነው።
ጠፋ። አበራሁት። ጠፋ። ምን ላድርገው!
የልብሱን ወረቀት ባየው፣ እንፋሎት በልቶታል፤
ቁጥሩም ስሙም ጠፍቶ ነጭ ምላስ መስሏል።
ሁለት መቶ አርባ፣ ነጭ በነጭ፣ ከንዱራ፣
የቱ የማን እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ማንን ልጥራ?
አለቀስኩ፤ አልዋሽም። የሦስት ወር ደሞዜ
ሲሄድ ታየኝና ዋጠኝ ትካዜ።

እትዬ ጦይባ መጣች፤ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣
ካንዱ ልብስ አንገትጌ አፍንጫዋን ቀበረች።

«ይሄ የመምህሩ ነው፤ ኪሱን እዪው፣ ቀለም።
ይሄ ግራኝ ነው፤ ቀኝ እጅጌው አላለቀም፤
ጉምሩክ የሚሠራው። ይሄ ደግሞ ዓሣ፤
ባልዲ ሙሉ ኦሞ ቢፈስበት ባሕሩን አይረሳ፤
ናኹዳው ነው፤ ያ የጀልባው ሰውዬ።»
«ጉድ ነው!» አልኳት፤ «እትዬ!»
«ይሄ...» ቆም አለች። «ሚስቱ ሞታበታል፤
ቁልፉን በጥቁር ክር ራሱ ሰፍቶታል።»

ያን ይስመጥ ያለችውን ስልኬን አወጣሁት፤
እሷ የለየችውን እኔ ፎቶ አነሳሁት።
ቁጥራቸው ያለው ግን ቢጁ ጋ ነው፣ ኬረላዊው ሾፌሩ፤
ስም አይጽፍም እሱ፦ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ድመት ከበሩ»፣
«ሊፍት የሌለው»፣ «ጉርሻ ሰጪው»... አንድ በአንድ ላክን፣
«ያንተ ነው ወይ?» እያልን።

ዘጠኝ ስህተት ሆነ። ዘጠኝ ብቻ። አንዱ
ተሳደበ፤ ሌሎቹ ሳቁና ተለዋውጠው ሄዱ።

ተክቢራው ሲሰማ ካርቶን ላይ ተቀመጥን፤
ከማሽኑ ጀርባ አንድ ብርቱካን ለሦስት ተካፈልን።
«ፊደሉን ትልቅ አድርጊልኝ» አለችኝ፣ ስልኳን ሰጥታ፤
«የልጄ መልእክት ነው፤ ሁለት ወር ሆነው» በዝግታ።
ጣቷ በካውያ ለስልሶ፣ ስክሪኑ አያውቃትም፤
ሦስቴ ነካች፣ አራቴ፤ አይከፈትም።
እጇን ይዤ፣ በጣቴ ፊደሉን ዘረጋሁት፤
ያነበበችውን አልጠየቅኋትም፤ ፊቷን ነው ያየሁት።

አምና አገሯ ገባች። አሁን ከስክሪኑ ሥር
ወፍራም ደብተር አለኝ፣ እሷ ያለችው ሁሉ ያለበት ዝርዝር፦
«ግራኝ፣ ጉምሩክ»፣ «ዓሣ»፣ «ጥቁር ክር፣ ብቻውን»።
የጥቁር ክሩ ሰው ዛሬ በነጭ ነው፤ እኔ ነኝ የምሰፋለት ቁልፉን።

ትናንት ደግሞ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣች፤
ደብተሬን ገለጠች፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ሳቀች።
መልስ አልሰጠኋትም። አንድ ከንዱራ አነሳሁና
«አሽትቺ» አልኳት።
አፍንጫዋን ያዘች። ገና ናት። ገና።