ስድስት ሰዓት

ከአራዳ ከፍ ብሎ፣ ከጫማ ቤቱ አናት፣
ስድስት ሰው የሚሠራበት የቁጠባ ማኅበር ቤት፤
ለስድስቱም አንድ የይለፍ ቃል፣ በቀይ እስክሪፕቶ ተጽፎ፣
ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ በፕላስተር ተለጥፎ።

«ትናንት ማን ገባ?» ሲባል፣ መዝገቡ «እኛ» ይላል፤
ከወይዘሮ ዘምዘም ሒሳብ አራት ሺህ ብር ጎድሏል፤
«እኛ» የሚሉት ሰውዬ ተፈልጎ የት ይገኛል?

እኔን ጠሩኝ ከኮምቦልቻ። ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቼ፣
ጉም የዋጠውን ጦሳ በመስኮት እያየሁ መጥቼ፣
በር ላይ ጋሽ አራጌ «መታወቂያ» አሉኝ፣ ከሰላምታ በፊት፤
ስሜን ደብተር ላይ ጽፈው፣ ሰጡኝ ቁጥር ሰባት፣
ክር ያለው ካርቶን። «ይሄ» አሉኝ «የዛሬ ነው፤
መጋዘን አያስገባሽም፤ ፎቁን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

እኔ ልሠራ የመጣሁትን እሳቸው ሠርተው ጨርሰዋል፤
ክር አስረው አንገቴ ላይ ሥራዬን አንጠልጥለውታል።

የምተክለው እንዲህ ያለ በር ነው፦ ሰው ሲመጣ ይጠይቃል፣
ስምና ምስጢሩን ሰምቶ፣ በስልኩ ቁጥር ልኮ ያጣራል፤
ምስጢሩን ግን ፈጭቶ እንጂ ጥሬውን አያኖርም፤
መዝባሪ ቢገባ እንኳ፣ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም።
ከዚያ ማኅተም ያለው ወረቀት ይሰጣል፣ ዕድሜው አጭር፣
«ይህች ሉባባ ናት፤ ተቀማጭ ትቀበል፤ ብድር ግን አታጽድቅ» የሚል ነገር፤
ኖሮ የሚሞት በአሥራ አምስት ደቂቃ፤
ሌባ ቢሰርቀው ሬሳ ነው፣ ቀኑ ያለቀ ዕቃ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መኳንንት ከኋላዬ ቆሙና፣
«ለእኔ ሁሉንም ክፈቺልኝ፤ እኔ አለቃ ነኝና።»
«ጌታዬ፣» አልኳቸው፣ «ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ፣
የጠፋ በተፈለገ ቁጥር ጥርጣሬው በእርስዎ ደጅ ነው የሚያልፍ።»
ከረባታቸውን ነካኩ። «እንግዲያው ማየት ብቻ» አሉኝ፤
ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ድረስ «የኔ ልጅ» እያሉ ጠሩኝ።

ማታ ተከልኩት። በሩ ሠራ። ወረቀቱም ታተመ፤
የሒሳቡ ማሽን ግን አየና፣ «አልቀበልም» ብሎ ቆመ።
ቁልፉን ቀየርኩ፤ ማኅተሙን አጣራሁ፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል፣
አንዲት ጭረት ጎድላ እንደሆን፤ አልጎደለችም፤ ታዲያ ምን ይጉደል?
«ገና ነው» ይላል ስህተቱ። ምኑ ነው ገና? የምን ገና?
መብራት ሄዶ መጣ። ጋሽ አራጌ ባትሪ ይዘው ብቅ አሉና፣
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያ ማሽን፣ ሉባባ ካስተካከለችው ወዲህ፣
በኛ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ለኔም ይመቸኛል እንዲህ።»

ስድስት ሰዓት! ሉባባ፣ ሁሌ ስድስት መቀነስ ታክቷት፣
አንድ ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት፣ አራት ብላ ሞልታ ተወቻት፤
በሩ «አሁን» ብሎ ያተመውን፣ ማሽኑ «ገና ነው» ይለዋል፤
ካልተወለደ ሰው የመጣ ደብዳቤ በምን ሊታመን ይችላል?

ማንም አልዋሸ። ቀን ከንጋት ይጀምራል ማለቷ
እውነት ነው፤ የእጄም ሰዓት እንዲያው ነው፤ ጥፋቷ
ለብቻዋ ማድረጓ። መተማመን፣ ለካ፣ ከማኅተምም ይቀድማል፤
«አሁን ስንት ነው?» ለሚለው አንድ መልስ ይፈልጋል።

ሁለቱንም ከአንድ ሰዓት አሰርኩ። ለሉባባ ግን ለዓይኗ፣
መስኮቷ ላይ የኛው ሰዓት ይታያታል፣ እንደ ልማድ እንደ ቀኗ፤
ፊቱ በኛ፣ ሆዱ በፈረንጅ፤ እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ።
ሞከርኩት፤ ተከፈተ። ሌሊት ስድስት ሰዓት። ወንበር ላይ ተኛሁ።

ጠዋት ሉባባ ያቺን ወረቀት ከመቁጠሪያው ጀርባ ላጠች፤
ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ ጠባሳ ቀረች።
የወይዘሮ ዘምዘም አራት ሺህ? እሱን በሩ አይመልስም፤
ነገ ለሚጎድል ስም ይኖረዋል፤ ለትናንቱ ስም የለም።

ዳቦ ልገዛ ወርጄ ስመለስ፣ በር ላይ ያው ጋሽ አራጌ፤
ያው እኔ ነኝ፣ የሌሊቷ፣ ከነእንቅልፌ፣ ከነወጌ።
ካርቶኔን ገልብጠው አዩና፣ «ይሄ የትናንት ነው» አሉኝ፤
«ጋሽ አራጌ! ሌሊቱን አብረን...» ፈገግ እንኳ ሳይሉልኝ፣
እጃቸውን ዘረጉ፦
            «መታወቂያ።»