የሰማይ ድርሻ

አሥራ ሰባት ዓመት ከሒሳብ ክፍል ወንበር፣
ደረሰኝ ሳጠቃልል፣ ናፍጣ ስደምር፣
ከወለሉ በታች፣ ከገዛ እግሬ ሥር፣
ምን እንደሚነድ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ነው። ፒያሳ በጉም ተሸፍና፣
መብራት ሄዶ፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል እንደገና፤
ቢተው፣ የማሽን ቤቱ፣ ስልክ ደወለና፣
«ጋሼ አመሃ» አለኝ፣ «ኮትዎን ጥለው ይምጡና፣
ያን ወጪ የሚሉትን፣ በቀይ የሚጽፉትን፣
ዛሬስ በእጅዎ ይዳስሱት፤ ይወቁት ሙቀቱን።»

ወረድኩ። እጄን ወደ ጭስ ማውጫው ዘረጋሁ፤
ገና ሳልነካው ተለብልቤ ሸሸሁ።

ከሊትሩ እኩሌታ የሰማይ ድርሻ ሆኖ፣
መብራት ሳይሆነን ይወጣል በቧንቧው በኖ።
ከግድግዳው ማዶ፣ ሁለት ክንድ ሳይርቅ፣
ቦይለሩ ሌላ ናፍጣ ይጠጣል ውሃ ሊያሞቅ።
አንሶላ ለማጠብ፣ መቀስ ለመቀቀል፣
ለአንድ ሙቀት ሁለቴ ስንከፍል፣ ስንከፍል…

«ሰማይ አይታረስ» ሲባል እየሰማን፣
ስንት ዓመት ዘራንበት የመድኃኒት ብራችንን!

ሁለት ክረምት ፈጀ፤ ጨረታ፣ ስብሰባ፣
አዲሱ ሞተር ከርሞ ከጂቡቲ እስኪገባ።
ዛሬ ያው አንድ እሳት መብራቱን ያበራል፣
ሙቀቱም ሳይሸሽ ከውሃው ቱቦ ያድራል።

ልብስ አጣቢዋ ዘርፌ እጇን ነክራ ሳቀች፤
«ቧንቧው ታሟል እንዴ? ትኩሳት አለው» አለች።
አዋላጇ ሌሊት፣ ፔርሙዝ ሳትለምን፣
በመብራት ትራፊ ታጥባለች ሕፃኑን።
መዝገቤን ገለጥኩት፤ ሲሶው ወጪ ቀሏል፣
በተረፈው ብርም ኦክስጅን ተገዝቷል።

ግን ጋሽ ጨሜሶ አሉ፣ የሌሊቱ ዘበኛ፣
ለአሥር ክረምት ያ ቧንቧ የነበራቸው ጓደኛ።
ትናንት ማታ ስወጣ አየኋቸው ቆመው፣
ቧንቧውን ሲዳስሱት እንደ አስታማሚ ሰው።

«በረደ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።
ለዚህ የሚሆን ዓምድ በመዝገቤ የለም።

ጠዋት ለቢተው ነገርኩት፤ ሜትሩን ዘረጋና፣
«ስምንት ሜትር ቱቦ ነው» አለኝ፣ «ይፈርሙና!»