ሐሞተ ቢሷ ኦርፌሊና

በቺሊ ደቡብ ባሕር፣ በኬሁይ ደሴት፣
ዝናብ ሳያንኳኳ በሚገባበት ቤት፣
ወንዶቹ ማዕበል ፈርተው ሲቀመጡ
(ነገ እንሄዳለን እያሉ ሲጠጡ)
ኦርፌሊና ብቻ ጀልባ ትገፋለች፤
ሐሞተ ኮስታራ፣ ባሕር ትሰድባለች።

ሰኔ ላይ ኔልፊ ደጅ አሳማ ተጣለ፤
ስቡ በብረት ድስት ሲንጨረጨር ዋለ።
በላች ከሰው እኩል፣ ስቃ ስቃ ተኛች፤
ሌሊቱ ሲጋመስ እያቃሰተች ነቃች።
ከቀኝ ጎድኗ ሥር፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ፣
ውጋት ቀስፎ ያዛት ትከሻ ሰንጥቆ።
«ሆድ ይፍጀው» ብላ ነው ስንቱን ያሳለፈች፤
ዛሬ ሆዷ ፈጃት።
አስመለሰች። ጋለች።

«ምነው ሴትዮ፣ ሐሞትሽ ፈሰሰ?» አላት
ባሏ ኤሊሴዎ፤ ሊያስቃት ፈልጎ ቀለደባት፤
የሕመሟን ስም እንደ ጠራ ሳያውቅ።
አልሳቀችም።
ጠዋት በጀልባ ወሰዷት።

ካስትሮ ሆስፒታል፣ ዶክተር ባስቲዳስ
ጣቶቿን ከጎድኗ ሥር አሳርፋ
«በይ፣ አየር ሳቢ» አለቻት።
ሳበች። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሿ ተቋረጠ፣
ጀልባ ከውሃ ሥር አለት እንደሚመታ።
በአልትራሳውንዱ ግራጫ ማዕበል ውስጥ
ከረጢቷ ታየች፤ አብጣ፣ ግድግዳዋ ደንድኖ፣
አንገቷ ላይ አንዲት ጠጠር ተወትፋ።

«ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው» አለች ሐኪሟ።
«ይህች ማጠራቀሚያ ናት። ስብ ስትበዪ ትጨመቃለች።
በሯ ከተደፈነ ያለው ውስጧ ይታሰራል፤
የታሰረ ውሃ ምን እንደሚሆን
አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂያለሽ።»

አፏን ዘጉት፤ ጉሮሮዋ ውሃ እንኳ አላየ።
በክንዷ ግሉኮስ፣ አንቲባዮቲክ፣ ማስታገሻ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
እንደ ኬሁይ ጣሪያ።
በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገፋ፣
ባሕር የምትሰድበው ሴት
የነርሷን እጅ ጨብጣ አልለቅ አለች።
«ያለ ሐሞት ከረጢት ይኖራል?»
«ይኖራል። ጉበትሽ አለ፤ ከእንግዲህ ሐሞቱ ሳይጠራቀም
በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።
ስቡን ግን ለጊዜው ቀነስ።»
አራት ቀዳዳ። ትልቁ የሹራብ ቁልፍ ቢያስገባ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ባሕሩ ተቆጣ።
«ሐሞተ ቢሷ መጣች!» አለ የሚጠጣ።
ከባድ እንዳታነሣ ሐኪም ከልክሏታል፤
መቅዘፊያው ለባሏ፤ ይነጫነጫል፣ ይቀዝፋል።
እሷ ከኋላ ናት፤ ሆዷን ደግፋ ተቀምጣለች፣
ያለ ሐሞት
ባሕር ትሰድባለች።